የቤንዚን ሞተር ወይስ የናፍጣ ሞተር?
አዲስ ፒክአፕ የሚገዛ ነጋዴ አስቀድሞ ሊያሰላው የሚገባ ሒሳብ

በንግድ ሥራ ላይ ለሚኖር ሰው ከመደብሩና ከሸቀጡ ቀጥሎ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚያወጣበት ንብረት አብዛኛውን ጊዜ የጭነት አውቶሞቢሉ ነው። ሆኖም የአንድ ኩንታል ዋጋ በጥቂት ብር ከፍና ዝቅ ቢል ሌሊቱን ሲያሰላ የሚያድር ነጋዴ፣ ፒክአፕ ሲገዛ ግን ሞተሩን በግማሽ ቀን መርጦ ሲጨርስ ይታያል። የመረጠበትን ምክንያት ቢጠየቅ፣ «ጎረቤቴ የያዘው ይህንኑ ስለ ሆነ ነው» ወይም «ናፍጣ ጠንካራ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለዚህ ዓይነቱ ግዢ በእጅጉ ይስማማል። ልዩነቱ፣ የፈሰሰ እህል ተለቅሞ ሲሰበሰብ፣ በማይስማማ ሞተር ላይ የፈሰሰ ካፒታል ግን ተለቅሞ የማይመለስ መሆኑ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሁለቱ ሞተሮች አንዱን ለማመስገን ሌላውንም ለመንቀፍ አይደለም። ሁለቱም በየቦታቸው መልካም ናቸው። ለማስረዳት የምንፈልገው፣ የናፍጣ ሞተር ሲገዛ የሚከፈለው ትርፍ ዋጋ ነጋዴው ለራሱ የሚያበድረው ገንዘብ መሆኑን፣ ይህም ብድር የሚመለሰው በጭነትና በኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑን ነው። ብዙ የማይነዳና ብዙ የማይጭን ሰው ያበደረውን ገንዘብ መልሶ አያገኘውም።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ እናቀርባለን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወቃል። ስለዚህ ከውጭ አገር ፒክአፕ ሊያስመጣ ያሰበ ሰው፣ ያሰበው ዓይነት በወቅቱ በሚሠራበት መመሪያ የተፈቀደ መሆኑን ከትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርና ከጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ቀብድ መክፈልም ሆነ በባንክ የመተማመኛ ሰነድ ማስከፈት አይገባውም። አገር ውስጥ ካለ ሻጭ የሚገዛውም ቢሆን ጥንቃቄው አይቀርለትም። አቅርቦቱ በተገደበ መጠን፣ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ምርጫ በቀላሉ የሚለወጥ አይደለምና።

የሁለቱ ሞተሮች አሠራር

ኒኮላውስ ኦቶ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባለ አራት ምት ሞተሩን ሠርቶ አሳየ። የዛሬው የቤንዚን ሞተር የዚያ ልጅ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል ደግሞ በስሙ የሚጠራውን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ በተባለችው የጀርመን ከተማ በተግባር አስመሰከረ። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ነዳጁ የሚቀጣጠልበት መንገድ ነው።

በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየርና ቤንዚን ተደባልቀው በፒስተን ከታመቁ በኋላ ካንዴላው በሚረጨው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይቀጣጠላሉ። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ግን ካንዴላ የለም። አየሩ ብቻውን እጅግ አጥብቆ ይታመቃል፤ በመታመቁም ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ሲረጭ ያለ ብልጭታ በራሱ ይነድዳል። የቤንዚን ሞተር አየሩን በአብዛኛው ከ9 እስከ 12 እጥፍ ሲያምቅ፣ የናፍጣው ከ14 እስከ 18 እጥፍ ያምቃል።

የናፍጣ ሞተር ጥቅምም ጉዳትም ከዚህ ይመነጫል። አጥብቆ ስለሚያምቅ ከነዳጁ ውስጥ የበለጠውን ሙቀት ወደ ሥራ ይለውጣል። በዚህ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ የያዘው ኃይል ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ ብልጫ አለው። በሌላ በኩል ያን ሁሉ ግፊት የሚሸከም ሞተር ወፍራምና ከባድ ብረት፣ ጠንካራ ፖምፓ፣ እጅግ በጥንቃቄ የተሠራ የነዳጅ መርጫም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ዋጋው ከቤንዚኑ ይበልጣል። ቀረጥና ታክስ ደግሞ በዕቃው ዋጋ ላይ ተደራርበው የሚሰሉ በመሆናቸው፣ በፋብሪካ በር ላይ ትንሽ የነበረው ልዩነት አዲስ አበባ ሲደርስ ትልቅ ሆኖ ይገኛል።

ጉልበትና የአገራችን ከፍታ

ገዢዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት የፈረስ ጉልበትን ቁጥር ብቻ ተመልክተው ሲወስኑ ነው። በአገራችን እጅግ የታወቀውን የቶዮታ ሃይለክስን ምሳሌ እንውሰድ። በብዙ ገበያዎች ሲሸጥ የቆየው ባለ 2.7 ሊትር የቤንዚን ሞተሩ ከ160 የፈረስ ጉልበት በላይ ሲኖረው፣ ባለ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ 150 ገደማ አለው። በዚህ ቁጥር ብቻ ቢፈረድ ቤንዚኑ ያሸነፈ ይመስላል። ነገር ግን ጭነት ከቆመበት የሚያስነሣውና ዳገት የሚያስወጣው የመጠምዘዝ ኃይል ነው። ይህም ኃይል በቤንዚኑ ሞተር 245 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ የሚገኘውም ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር ሲዞር ነው። በናፍጣው ሞተር ግን እንደ ማርሹ ዓይነት እስከ 400 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ ለዚያውም ሞተሩ ሳይጮኽ በ1,600 ዙር ገደማ ይገኛል። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ የቤንዚን ፒክአፕ ሞተሩ እየጮኸ በዝቅተኛ ማርሽ ሲንፏቀቅ፣ የናፍጣው ረጋ ብሎ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የአገራችን ከፍታ ይህን ልዩነት የበለጠ ያሰፋዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ላይ ከነበረው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ያጣል። ስለዚህ በጃፓን ወይም በዱባይ የተጻፈው የሻጭ መግለጫ ለእኛ ከተማ እንዳለ አይሠራም። የዛሬ የናፍጣ ፒክአፖች ሁሉ ማለት ይቻላል ቱርቦ ስላላቸው፣ ቱርቦውም አየሩን እየገፋ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ፣ የከፍታው ጉዳት እምብዛም አይሰማቸውም። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ከተገኘ እርሱም በዚህ ረገድ ከናፍጣው እምብዛም አያንስም። እንግዲህ ገዢው «ናፍጣ ነው ወይስ ቤንዚን?» ብሎ ከመጠየቁ ጋር «ቱርቦ አለው ወይ?» ብሎም ሊጠይቅ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ሞተሩ የናፍጣ በመሆኑ የፒክአፑ የመጫን ልክ አይጨምርም። አንድ ፒክአፕ ሊሸከም የሚገባውን ክብደት የሚወስኑት ሻሲው፣ ባሌስትራው፣ ጎማውና ፍሬኑ ናቸው። ብዙዎቹ ፒክአፖች የተሠሩት ለአንድ ቶን ማለትም ለ10 ኩንታል ገደማ ነው። በሞተሩ ጥንካሬ ተመክቶ 18 ኩንታል የሚጭን ሰው ሞተሩ ዳገቱን ቢያወጣለትም ፍሬኑ ቁልቁለቱን ላያወርድለት ይችላል።

ትርፉ ዋጋ የሚመለስበት ሒሳብ

የነዳጅ ዋጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን በብር ከመሥራት ይልቅ በሊትር መሥራት ይሻላል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ገዢው በአንድ ቀን የሁለቱን ሞተሮች ዋጋ፣ ቀረጡና ታክሱ ተጨምሮበት፣ ሌላው ዕቃቸው እኩል በሆኑ ሁለት ፒክአፖች ላይ ይጠይቅ። ልዩነቱን በአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ ያካፍል። የሚያገኘው ቁጥር የናፍጣው ሞተር ሊያድንለት የሚገባ የሊትር ብዛት ነው። ለምሳሌ ያህል ልዩነቱ 3,600 ሊትር ነዳጅ የሚገዛ ገንዘብ ነው እንበል። የቤንዚን ፒክአፑ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር፣ የናፍጣው 9 ሊትር ይፈጃሉ፤ የሁለቱም ነዳጅ ዋጋ ተቀራራቢ ነው እንበል። በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ይድናል ማለት ነው። ነገር ግን የናፍጣው ፊልትሮ፣ ዘይትና ጥገና ከቤንዚኑ ስለሚወደድ፣ ለዚህ የግማሽ ሊትር ዋጋ ብንቀንስ የሚቀረው 2.5 ሊትር ነው።

አሁን ሁለት ነጋዴዎችን እናስብ። የመጀመሪያው ከባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣ ነው። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢመላለስ 640 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ በዓመት 50 ሳምንት ቢሠራ 32,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ መንገድ በዓመት 800 ሊትር ያድናል፤ 3,600ውን ሊትር በአራት ዓመት ተኩል ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የሚያድነው ሁሉ ትርፍ ነው። ሸክሙን ይዞ የሚመጣው ከስምጥ ሸለቆ ወደ ደጋ ሽቅብ በመሆኑም በጉዞው ሁሉ የናፍጣውን ጉልበት ይጠቀምበታል።

ሁለተኛው በመርካቶ መደብር ያለው፣ ዕቃ ከመጋዘን ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ደንበኛ የሚያደርስ ነው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ቢነዳ 9,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሚያድነው በዓመት 225 ሊትር ብቻ ነው። ይህ ሰው ትርፉን ዋጋ ለመመለስ 16 ዓመት ያስፈልገዋል! ገንዘቡን ከባንክ ተበድሮ ከሆነ ደግሞ ወለዱ ራሱ ከሚያድነው ነዳጅ ሊበልጥ ይችላል። ያን ገንዘብ በሸቀጥ ላይ ቢያውለው ኖሮ በ16 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ተሽጦ ስንት ጊዜ እንደ ተተካ ነጋዴው ራሱ ያሰላዋል።

ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ፒክአፕ፣ ከአንድ ሻጭ፣ በአንድ ዋጋ ቢገዙ እንኳ አንዱ አትርፎ ሌላው ይከስራል። ጎረቤትን አይቶ መግዛት የማያዋጣው ስለዚህ ነው። ከላይ የሰጠናቸው ቁጥሮች ግን ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ስለ ሆኑ፣ እያንዳንዱ ገዢ የራሱን ቁጥር በቦታቸው ሊተካ ይገባል። የሁለቱ ነዳጆች ዋጋ የተራራቀ ሲሆንም ከሊትሩ ይልቅ በ100 ኪሎ ሜትር የሚወጣውን ብር ያስተያይ። በተረፈ የናፍጣ ፒክአፕ በአገራችን የሁለተኛ እጅ ገበያ ፈላጊ የማያጣ በመሆኑ፣ ሲሸጥ ከትርፉ ዋጋ ከፊሉን እንደሚመልስ መዘንጋት የለበትም።

ጥገናና የነዳጅ ጥራት

በቀድሞው ዘመን የናፍጣ ሞተር የሚመሰገንበት አንዱ ነገር ያገኘውን ሁሉ ጠጥቶ መሥራቱ ነበር። ይህ ዝና ለዛሬው ሞተር አይሠራም። የዛሬው የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚረጨው 2,000 ባር በሚደርስ ግፊት፣ ከጠጉር ውፍረት እምብዛም በማይበልጥ ቀዳዳ ነው። ውኃ ወይም አቧራ የተቀላቀለበት ናፍጣ የመርጫውን አፍ ይበላዋል፤ ፖምፓውንም ያበላሸዋል። የእነዚህ ክፍሎች መለዋወጫ ደግሞ ውድ ነው። ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ስለ ሆነ፣ በስሕተት ቤንዚን የተሞላበት ወይም ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ናፍጣ የጠጣ ሞተር በአጭር ጊዜ ይጎዳል። ነጂው በስሕተት ቤንዚን መሙላቱን ካወቀ ሞተሩን ጨርሶ ሳያስነሣ በርሜሉን አስወርዶ ማጠብ አለበት።

ለአስመጪዎች ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚያስፈልገው ጉዳይ አለ። በናፍጣ ውስጥ የሚገኘው ድኝ በአሜሪካ ከ2006 ጀምሮ በሚሊዮን ከ15 እጅ፣ በአውሮፓ ከ2009 ጀምሮ ከ10 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ለእነዚያ ገበያዎች የሚሠሩት ሞተሮች ይህን ንጹሕ ናፍጣ እንደሚያገኙ ታስቦ ጥላሸት የሚያጠራቅም ማጣሪያ በማርሚታቸው መሥመር ላይ ተገጥሞላቸዋል። ማጣሪያው የሚጸዳው ሞተሩ በደንብ ግሎ፣ ጥላሸቱ በ600 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲቃጠል ነው። እንግዲህ ድኝ የበዛበት ናፍጣ የሚቀዳለት ወይም ከሱቅ ሱቅ አጭር መንገድ ብቻ የሚመላለስ ፒክአፕ ማጣሪያው እየታፈነ ባለቤቱን ወደ ጋራዥ ያመላልሰዋል። አስመጪው ከማዘዙ አስቀድሞ ሞተሩ ለየትኛው የነዳጅ ደረጃ እንደ ተሠራ፣ ማጣሪያ ያለው መሆኑን፣ በተጨማሪም የዩሪያ ፈሳሽ የሚፈልግ እንደ ሆነ ፋብሪካውን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል። ይህን ሳይጠይቅ አስመጥቶ የሸጠ ሰው ዛሬ ቢያተርፍ ነገ ደንበኛውን ያጣል።

የቤንዚን ሞተር በዚህ በኩል ቀላል ነው። ካንዴላው፣ ፊልትሮውና የኤሌክትሪክ ክፍሉ በየትኛውም ከተማ የሚገኝ መካኒክ የሚያውቃቸው ናቸው፤ መለዋወጫውም በአንጻሩ ርካሽ ነው። ነገር ግን ነጋዴው ሌላ የናፍጣ መኪና፣ ወፍጮ ወይም ጀነሬተር ካለው፣ ነዳጁን፣ ዘይቱንና መካኒኩን ከአንድ ዓይነት ማድረጉ የሚያስገኘውን ምቾት በሒሳቡ ውስጥ ሊያገባው ይችላል።

ቁልቁለት፣ እሳትና ጭስ

ስለ ዳገት ብዙ ሲነገር ስለ ቁልቁለት ግን ጥቂት ነው የሚነገረው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ነጂ፣ ፍሬኑ እንዳይግልበት ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ይይዛል። የቤንዚን ሞተር ነጂው እግሩን ሲያነሣ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ መኪናውን አጥብቆ ይይዛል። ብዙው የናፍጣ ሞተር አየሩን እንደዚያ ስለማይዘጋ ለብቻው የተሠራ የጭስ ፍሬን ከሌለው አያያዙ የላላ ነው። ስለዚህ በናፍጣ ፒክአፕ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ከጫፉ ጀምሮ ማርሹን አስቀድሞ ሊቀንስ ይገባል።

ስለ እሳት የናፍጣው አደጋ ያነሰ ነው። ናፍጣ በተራ ሙቀት ብልጭታ ቢያገኘው በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ለመቀጣጠል በቂ ትነት የሚሰጠው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከበረዶ በቀዘቀዘ ጊዜ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። በሱቅ ወይም በመጋዘን ውስጥ ቤንዚን በጀሪካን ማስቀመጥ ንብረትንና ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው።

ስለ ጭስ ግን ሁለቱም አይታመኑም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተርን ጭስ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መዝግቦታል። የቤንዚን ጭስ ደግሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታ በሌለው መርዝ ይገድላል። በመጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጫንና ሲራገፍ ማናቸውም ሞተር መጥፋት አለበት፤ እዚያ ውለው የሚያድሩት ሠራተኞች ናቸውና።

ሦስተኛው ዕጩ

የዛሬ ገዢ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ዕጩ እንዳለው ሊያውቅ ይገባል። እርሱም በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ካቆመ ወዲህ አገራችን የምትጠቀምበት ቤንዚንና ናፍጣ ተጣርቶ ከውጭ የሚመጣ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ኤሌክትሪኩ ግን ከራሳችን ወንዞች ይመነጫል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቋል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳው የመርካቶ ባለ ሱቅ ማታ በግቢው የሚሞላበት መሥመር ካለው፣ ከናፍጣም ከቤንዚንም ይልቅ ለዚህኛው የሚስማማው እርሱ ነው። ወደ ሩቅ ገጠር የሚዘልቀው ነጋዴ ግን በሚሄድበት መንገድ ሁሉ መሙያ መኖሩን በዓይኑ ሳያይ ሊቸኩል አይገባውም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ገዢው ወደ ሻጭ ቤት ከመሄዱ በፊት ለራሱ አራት ጥያቄዎችን ይመልስ።

1ኛ. በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እነዳለሁ? ግምት አይበቃም፤ የአሁኑ መኪናው ቆጣሪ ለአንድ ወር ተጽፎ በ12 ይባዛ።

2ኛ. ጭነቴ ስንት ኩንታል ነው? ጭነት ይዤ የምጓዘውስ ሽቅብ ነው ወይስ በሜዳ?

3ኛ. በምሄድበት መንገድ የታመነ ናፍጣ የሚቀዳ ማደያና የዛሬውን የናፍጣ ሞተር የሚያውቅ መካኒክ አለ ወይ?

4ኛ. ትርፉ ዋጋ ስንት ሊትር ነዳጅ ይገዛል? ያን ያህል ሊትር ለማዳን ስንት ዓመት ይፈጅብኛል?

በዓመት ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ ጭነት ይዞ በደጋና በቆላ የሚመላለስ ነጋዴ ያለ ማመንታት ናፍጣውን ቢመርጥ ሒሳቡ ያግዘዋል። በከተማ ውስጥ ከ10,000 በታች የሚነዳ ሰው ናፍጣውን መምረጡ ለስሙ እንጂ ለሒሳቡ አይጠቅመውም። በመካከል የሚገኘው ግን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀምጦ ያስላ። የአንድ ምሽት ሒሳብ የብዙ ዓመት ጸጸት ያድናል፤ ከጸጸቱ የዳነው ካፒታልም ተመልሶ በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ሸቀጥ ሆኖ ይገኛል።